ያን ወተት ባልጠጣሁት

ሰይፍዬ፣ የኔ ጌታ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ ልጀምር ስል እጄን ያዘኝ። ሙት ዓመትህን እንኳ አወጣን፤ እኔ ግን ዛሬም ቁልፍ ኮሽ ሲል ወደ በሩ እዞራለሁ።

ልደታ ያው ነው። ውሃ በፈረቃ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን መሸከም ወገቤን ቆረጠው። ልጃችን ሕሊና አዳማ ክፍል አዘጋጅታልኝ፣ ቤቱን አከራዪውና ነይ እያለች ትነዘንዘኛለች። ሻንጣዬን ከቁም ሳጥን ላይ አውርጄ ነበር። ሰዎችህ ግን አለቀቁኝም።

እነዚያ ዕድሜህን ሙሉ የተሟገትክላቸው የቆላ ከብት አርቢዎች። አያቶቻቸው ከመንግሥት ጋር በቃል የተዋዋሉበት የወንዝ ዳር ግጦሽ ለእርሻ ድርጅት ሲሰጥ፣ ወረቀት የላችሁም ሲባሉ፣ ቃልም ውል ነው ብለህ የቆምክላቸው።

መጀመሪያ ቤታችን የመጡ ጊዜ ትዝ ይልሃል? በቅል ወተት አምጥተው አንተ ተጎነጨህላቸው። እኔም እንግዳ ያመጣውን መናቅ ነውር ነው ብዬ፣ ጭስ ጭስ እያለኝ፣ ተቀብዬ ግጥም አደረግሁት። ለካ የጠጣ ሰው እስከ መጨረሻው አይለየንም የሚሉበት መሐላ ኖሯል! እነሱ እርስ በርስ ሲተያዩ አንተ ሳቅህን መያዝ አቅቶህ ኩሽና ገባህ። ኋላ ላይ፣ አንቺ ሴት፣ ከእንግዲህማ መውጫ የለሽም ስትለኝ እኔም አብሬህ ሳቅኩ።

አሁን አያስቅም፣ ሰይፍዬ። ጉዳይህን የሚረከበው ወጣት ጠበቃ ውክልና ስጡኝ ቢላቸው እምቢ አሉት። ትልቁ ሽማግሌ ሳሎናችን ቁጭ ብለው፣ የጠጣው ቢሞት የጠጣችው አለች፤ እሷ በየቀጠሮው ከጎናችን ካልተቀመጠች ለማንም አንፈርምም አሉ። እኔ እኮ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት ነኝ፣ ሕግ ምን አውቄ! አዳማ ብሄድ ክሱ ይዘጋል፣ መሬታቸው ይቀራል። ብቀመጥ እዚሁ ከግድግዳ ጋር እያወራሁ ማርጀቴ ነው። ተናደድኩብህ፣ እውነቱን ልንገርህ። ፎቶህን አዙሬው ዋልኩ።

ትናንት ለጠበቃው ውክልና ሊሰጡ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። መሃላቸው አስቀምጠውኝ፣ ተራ በተራ ቀና ብለው እኔን እያዩ አሻራቸውን አኖሩ። ከዚያ ለሕሊና ደውዬ፣ ክፍሉን ስጪው ለሰው፣ አልመጣም አልኳት። አለቀሰችብኝ።

አልረሳህም፣ ሆዴ። ብፈልግስ መች ይሆንልኛል? በእነሱ ወግ መሐላውን ከሟች የተረከበ ስሙንም ይረከባል አሉ። ሰይፉ እያሉ ነው የሚጠሩኝ።

እኔም አቤት እላለሁ።

ያንተው አልማዝ