ሳል የሌለው ሃብተ ጊዮርጊስ

ዳባት፣ የካቲት 3 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለልጄ ለትሕትና፤ አዲስ አበባ

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከሳሌ በቀር ደህና ነኝ። ብርዱ ዘንድሮ ጠንቷል። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ቤቱን የሚያሞቀው የበጎቹ ትንፋሽ ነው፤ እሱም ይበቃኛል። ፊደሌ ተንጋዶ ብታዪው አትሳቂ። ቄስ ደርቤ ልጻፍልዎ ቢሉኝ እምቢ ብያለሁ፤ የቤቴን ገመና ቄስም ቢሆን አይሰማም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የማኅበሩ ገበሬ እንደ ወትሮው መጋዘኑ ደጃፍ ተሰበሰበ። እኔም ልናገር ተነሣሁ። ገበያውን ዞሬ፣ መጋዘኑን አይቼ፣ ገብሱ እንዴት እንደዋለ፣ ስንዴው የት እንደሄደ ስነግራቸው የኖርኩት እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ሊቀመንበሩ ያርጋል ግን እጄን ያዘኝና፣ "ጋሼ ሃብቴ፣ ዛሬስ ይረፉ" አለኝ። ከዚያ ወረቀት አውጥቶ አነበበ።

"እንኳን ለሰንበት አደረሳችሁ። ክፉውን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ በጎውን ይዛችሁ እንድትገቡ።"

የኔ ቃል ነው፣ ልጄ። ከኔ አፍ ሌላ ቤት ኖሮት አያውቅም። ቀጠለና የገብሱን መውረድ፣ የባቄላውን መወደድ፣ ምን እንደሚያዝ፣ ምን እንደሚሸጥ፣ ሁሉንም በኔው ተራ በኔው አካሄድ አነበበው። አረንጓዴና ቀይ ሥዕልም አለበት። ስሕተት ፈልጌ ነበር፤ አላገኘሁም።

ገበሬው ማን ጻፈው ቢለው፣ ማንም አልጻፈውም አለ። የጋሼ ልጅ ትሕትና በሠራችው ኮድ፣ ኮምፒውተሩ ቅዳሜ ማታ የገበያውን ዋጋ፣ የመጋዘኑን ገቢና ወጪ ራሱ ሰብስቦ፣ ራሱ አመዛዝኖ ያወጣዋል፤ የሰው እጅ አይነካውም አለ። አጨበጨቡልሽ። ጎረቤታችን አልጣሽ ደግሞ፣ "እሰይ፣ ሳል የሌለው ሃብተ ጊዮርጊስ አገኘን" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ሥራው ቀረብኝ ብዬ አይደለም የምጽፈው። ጉልበቴም እምቢ ብሎኛል። አባባ፣ ለማሽን ላስተምረው ነው ብትዪኝ ኖሮ ቁጭ ብዬ አስተምርልሽ ነበር። አንቺ ግን ከመስቀል ጀምሮ በየቅዳሜው ማታ እየደወልሽ፣ "አባባ፣ ነገ ሲቆሙ መጀመሪያ ምን ይላሉ? ገብስ ሲወርድስ እንዴት አድርገው ይነግሯቸዋል?" ስትዪኝ፣ እኔ ናፍቄያት ነው አልኩ። ድምፄን ፈልጋ ነው አልኩ። አልጣሽንም፣ ልጄ እንደ እናቷ ናት፣ ወሬዬ አይሰለቻትም ብዬ ተኮፈስኩባት። ለካ እንደ ምንጭ ስትቀጂኝ ነው የከረምሽው።

ከጥምቀት ወዲህ ድምፅሽ ሲጠፋ ሥራ በዝቶባት ነው እያልኩ ነበር። አሁን ገባኝ፤ እንስራሽ ሞልቶ ነው።

ባዕድ ቢያደርገው አይቆጨኝም። ባዕድን ደጅ አስቁሜ፣ ምን ፈልገህ መጣህ እለዋለሁ። ልጅን ግን ማን እንዲህ ይጠይቃል?

ያርጋል በግ እንረድላት፣ ለፋሲካ ትምጣ ይላል። እኔ ነይም አልልሽ፣ ቅሪም አልልሽ። ቤቱን ታውቂዋለሽ።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ከዚያ ሁሉ ጥያቄ መሀል አንድ ቀን፣ "ማታ ምን በሉ?" ብለሽኝ ነበር። ቆሎ ስልሽ ዝም አልሽ። ብዙ ዝም አልሽ። እሱም ለማሽኑ ነበር ወይ?

እግዚአብሔር እጅሽን ይባርከው፤ አባት ተቀይሞም ይመርቃል። በስልክ ላስረዳ እንዳትዪ፣ ስልኬን አጥፍቼዋለሁ። ቅዳሜ ማታ ብቻ እከፍተዋለሁ፤ ሰዓት ለማየት።

አባትሽ ሃብተ ጊዮርጊስ