ሙዚቃ የሌለበት ቅዳሜ

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18
ጾሙ አለፈ፣ ፋሲካው አለፈ... እንግዲህ ሙዚቃ ለመከልከል ምን ሰበብ ይቀራል ብዬ ነበር። አልጠፋም።

የዳንስ ቡድኔ፣ አስራ አንድ ልጆች፣ ከአራት ሰዓት ጀምሮ የጋራ አዳራሹ በር ላይ ተገትረዋል። ቁልፍ የለም። ቁልፉ እትዬ የሻሽወርቅ ጋ ነው። የዕድራችን ንብረት ያዥ ናቸው። የዕድሩ ወንበርና ድስት አዳራሹ ውስጥ ስለሚቀመጥ አዳራሹም የእሳቸው ሆኖ ቀረ። አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ቀስ ብለው መጡ።

"ብሎክ ሰባት ልቅሶ አለ። ሙዚቃ የለም።"

"ሟቹ የት ነው የሞቱት?"

"ሐዋሳ።"

"ታዲያ እትዬ፣ ሙዚቃው ሐዋሳ ድረስ አይሰማም!"

አልሳቁም። ለምን እንዲህ አልኩ?

ወረዳው ያለው ግልጽ ነው። ሰኔ 14 የወጣቶች ቀን ላይ ያቀረበ ቡድን አዳራሹ በደብዳቤ ይጸናለታል። ካላቀረብን የነዋሪዎች ኮሚቴው ከሐምሌ ጀምሮ ለጂም ያከራየዋል። ከዚያ ወዲያ ቡልቡላ ውስጥ እነዚህን ልጆች የት ልወስዳቸው? መኪና ማቆሚያው ላይ? ሰባት ቅዳሜ ቀረን።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22
ልቅሶው አልተነሳም። ልምምድ ቀርቶ ወንበር ስንሸከም ዋልን።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2
ሌላ ልቅሶ። ብሎክ ሦስት። ለመሆኑ በዚህ የኮንዶሚኒየም ሳይት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አገር ቤት ስንት አጎት ነው ያለው?

ያለ ሙዚቃ ተለማመድን። ሰምሃር፣ ምላሷ ከእግሯ የሚፈጥነው፣ "ቲቸር፣ ሳይለንት ዲስኮ ነው እንዴ?" አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። እትዬ የሻሽወርቅ ሳቅም ከለከሉ።

ቤት ስገባ አባዬ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው በአዳራሹ መስኮት እኛን ከላይ ማየት ነው። "ዛሬም ዝም?" አለኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9
ዛሬ ጥፋቱ የኔ ነው። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

አዳራሹ ክፍት ነበር፤ ወንበር ሊያወጡ ከፍተውት ነው። ወንበር ለምን ይወጣል ብዬ አልጠየቅኩም። ሚስባህን "ክፈተው!" አልኩት። ስፒከሩ የሱ ነው፣ ድምፁን ለቀቀው። ልጆቹ እንዴት እንደጨፈሩ... ደስ ሲሉ! እትዬ የሻሽወርቅ ገቡና ሶኬቱን ነቀሉት። ለካ ንጋት ላይ ብሎክ አስራ አራት ለአንዲት እናት መርዶ ተነግሯል። የልጇን። መስኮቷ ደግሞ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ነው።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አፈርኩ። ተናደድኩም። በማን እንደተናደድኩ ግን እንጃ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16
ጭብጨባም ተከልክሏል! በካልሲ፣ በእግር ጣት እየቆጠርን እስክስታ... አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ላጲሶ አራተኛው ዙር ላይ እንደልማዱ ዘገየ።

እትዬ የሻሽወርቅ በር ላይ የዕድር ወንበር ስበው ተቀምጠዋል። ቁልፉን ለኛ ትተው አይሄዱም፤ አያምኑንማ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያዩናል። ቁልፉን ጉልበታቸው ላይ መታ መታ ያደርጋሉ። መታ፣ መታ፣ መታ። በዚያ ቁልፍ ላብድ ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23
በዕድሩ ደንብ ላይ ቀዳዳ አገኘሁ። የሐዘኑ ቤት ራሱ ከፈቀደ ሙዚቃ ይቻላል። የብሎክ አስራ አራቷን እናት ሄጄ ልለምናት አሰብኩ። ለአባዬ ብነግረው ጆሮውን አላመነም።

"ሰው እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? እምቢ ማለት ታፍርና እሺ ትልሻለች። ከዚያስ?"

"ከዚያማ እንለማመዳለን!"

"ተይ፣ ፀጋ። ይልቅ አቆጣጠርሽን አስተካክይ። ሦስት ላይ ትቸኩያለሽ።"

ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ዳንስ ያርመኛል! አልሄድኩም ግን።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 30
ዛሬ ልቅሶ የለም። መብራትም የለም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7
ልቅሶ የለም፣ መብራት አለ፣ ቁልፉም በሰዓቱ መጣ። ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ ሙዚቃው ሲከፈት ልጆቹ ተደነባበሩ። አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዷ ወደ ግራ። በእግር መቁጠር ለምደው ዜማው አሳሳታቸው። ጮህኩባቸው። ከበሩ በኩል "ዝጊውና በእግራቸው ያድርጉት" የሚል ድምፅ መጣ። እትዬ ደግሞ አስተማሪ ሆኑልኝ! ዘጋሁት። በእግራቸው አደረጉት።

አንድም ስህተት አልነበረም። ይሄ ይበልጥ አናደደኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17
አባዬ ሐሙስ ሞተ። ግፊቱ ነው አሉ። ሻይ ላቀርብለት ወደ በረንዳው ስወጣ... አርብ ቀበርነው።

ወንበር የተሸከሙት ልጆቹ ናቸው። አንዳቸውም ስለ ቅዳሜው አልጠየቁኝም። እኔም አላስታወስኩም፤ እውነቴን ነው፣ ፈጽሞ አላስታወስኩም።

ቅዳሜ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ እትዬ የሻሽወርቅን አጣኋቸው። የዕድር ሰው፣ ያውም ንብረት ያዥ፣ በልቅሶ ሰዓት! ቀርተው አያውቁም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። ጫማቸው አቧራ ለብሷል። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በሹክሹክታ፣

"ወስጄያቸው ነበር። ኃላፊ ይፈርም አሉ፣ ፈረምኩ።"

"ምን?"

"ልጆቹን ነዋ፣ ለወጣቶች ቀን! ሙዚቃ ክፈቱ ሲሏቸው ያቺ ሰምሃር፣ 'ልቅሶ ላይ ነን፣ በእግራችን ነው' አለች። ሰዉ መጀመሪያ አጉረመረመ። ኋላ ጸጥ አለ... እግራቸው ብቻ ነበር የሚሰማው።"

ማልቀስ ጀመርኩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

"ላጲሶ አራተኛው ዙር ላይ ዘገየ፣ ንገሪው። ሁሉም ደግሞ ሦስት ላይ ቸኮሉ። ካንቺ ነው የተማሩት።"

በአባቴ ልቅሶ ላይ ሳቅኩ። ነጠላዬ ውስጥ ተሸፍኜ ሳቅኩ። ሰዎች ልቅሶ መስሏቸው አባበሉኝ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21
ደብዳቤው መጣ። ረቡዕና ቅዳሜ አዳራሹ የኛ፣ ማኅተም ያለበት። ሳነበው ወደ በረንዳው ዞርኩ፣ ላሳየው። ወንበሩን እስካሁን አላነሳሁትም።

ልጆቹ እንደሚሰባሰቡ ሰምቼ ጥቁሬን እንደለበስኩ ወረድኩ። እትዬ የሻሽወርቅ ከፍተው ይጠብቃሉ። አራት ሰዓት! በሰዓቱ! ሚስባህ ስፒከሩን ይዞ ቆሟል፣ አይሰካውም፣ አያስቀምጠውም። ሁሉም ያዩኛል።

"የሐዘኑ ቤት አንቺ ነሽ" አሉ እትዬ። "ይከፈት ወይስ ይቅር?"

ሁለት ወር ሙሉ የተብሰከሰክሁበት ነገር በእጄ ገባ። አንድ ቃል ነው። ልጆቹ ይገባቸዋል። አባዬም ቢሆን ክፈቺ ነበር የሚለኝ። እሺ ለማለት አፌን ከፈትኩ...

"ይቅር" አልኩ። "እስከ አርባው።"

ሚስባህ ስፒከሩን መልሶ ከቦርሳው ከተተ። ማንም አላጉረመረመም። ሳልነግራቸው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። የብሎክ አስራ አራቷ እናት ያኔ ምን ተሰምቷት ይሆን? ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኳትም። ነገ እሄዳለሁ።

"በሉ እንግዲህ" አሉ እትዬ የሻሽወርቅ ወንበራቸውን እየሳቡ፣ "በእግራችን እንቆጥራለን።"

በእግራችን! ከመቼ ወዲህ?

ጫማዬን አውልቄ ፊት ቆምኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ቁልፉ ጉልበታቸው ላይ መታ አለ።

"ቸኮልሽ" አሉኝ። "እንደገና።"