ትራስ ውስጥ የሰፋሁት

ኦክቶበር 4፣ ቅዳሜ
ላውንድሪ የኔ ተራ። ጥግ ያለው ማሽን ዛሬም አይሠራም፤ ለሕንፃው ሱፐር ልንገረው። የልጄ የሃሌ ጂንስ ኪስ ውስጥ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አገኘሁ። ጨው... የጥብስ ቅጠል... የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቅመም ኪሷ ይዛ ኮሌጅ ምን ታደርጋለች? ድራግ እንዳይሆን ብዬ አሸተትኩት። ጥብስ ጥብስ ይላል።
መልሼ ከተትኩት።

ኦክቶበር 6፣ ሰኞ
አላስቻለኝም። የምነዳውን ስኩል ባስ አቁሜ ስገባ ኪችን ነበረች። ጠየቅኳት።
«ለሚድተርም ፈተና ነው ዳድ። ሮዝመሪ፣ የጥብስ ቅጠሉ፣ ለማስታወስ ይረዳል።»
«ማን አለሽ?»
«አይም አ ዊች። ማለት... እየተማርኩ ነው።»
ቁጭ አልኩ። ሃሌሉያ ብዬ ስም ያወጣሁላት ልጅ!
«ጥንቆላ?»
«እንደዛ አይደለም። ማንንም አንጎዳም። ገና መንገዴን እየመረጥኩ ነው። በግሩፕ የሚሠሩ አሉ፣ ብቻቸውን የሚሠሩ አሉ፣ አማልክት ያላቸው አሉ፣ የሌላቸው አሉ። እንደናንተ፣ ኦርቶዶክስ፣ ጴንጤ...»
«ጥንቆላም ዲኖሚኔሽን አለው?»
ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።
ኤግሊንተን ዌስት ሰፈር ያለ አንድ የጠንቋዮች ግሩፕ ጋ ትሄዳለች። ሃሎዊን ማታ አስምለው አባል ያደርጓታል። «የፈለግከውን ጠይቀኝ፣ እነግርሃለሁ» አለች። የሚደብቀው የሌለው ሰው ጠይቀኝ ይላል እንዴ?

ኦክቶበር 8፣ ረቡዕ
የሚያጠራጥሩኝ፦
- ሻማ። መብራት እያለ።
- ሐሙስ ሐሙስ ስልኳን ትዘጋለች።
- ጓደኛዋ ማያ፣ ዌስተን የምትኖረው። ስታየኝ ሁሌ ፈገግ። ለምን?
- ሃሌ ሰሞኑን ደስ ብሏታል። ዋናው ይሄ ነው።
ለሙሉእመቤት ነገርኳት። «አታጨስ፣ አትጠጣ፣ ጨው ያዘች ብለህ ነው ቤቱን የምታናጋው?» አለችኝ። ምነው ሚስቴ እንዲህ ቀለል አደረገችው... እሷንም በመተታቸው ነክተዋት ይሆን?

ኦክቶበር 12፣ እሑድ
ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ገብረ ክርስቶስን ፓርኪንግ ሎት ይዤ ወረድኩ፣ ቄሶቹ እንዳይሰሙ። ድሮ አገር ቤት ክታብ ይጽፉ ነበር ይባላል።
«ጋሼ፣ ልጄን ይዘውብኛል።»
«እነማን?»
«ፈረንጆች። መተት ያስተምሯታል።»
«የፈረንጅ መተት ቀላል ነው» አሉ። «የክርስትና ስሟ?»
«ወለተማርያም።»
«የእናቷስ?»
የሙሉእመቤትንም ነገርኳቸው።
«ጽፌ እሰጥሃለሁ፣ ትራሷ ውስጥ ስፋው። እንዳትነግራት። ካወቀች አይሠራም።»
ቤተ ክርስቲያን ክታብ እንደማትወድ አውቃለሁ። ግን የኔ እኮ ለመከላከል ነው።

ኦክቶበር 16፣ ሐሙስ
ክታቡን ተቀበልኩ። ቆዳ ውስጥ ነው፣ አውራ ጣት ያህላል። ኮሌጅ ስትሄድ ትራሷን ተርትሬ ከተትኩና መልሼ ሰፋሁት። ስፌቱ ጠማማ ነው... ማን ያየዋል?

ኦክቶበር 24፣ ዓርብ
ሠራ!! ትላንት ግሩፗ ጋ አልሄደችም። «ተውኳቸው» አለች። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፣ እኔ አውቀዋለሁ። ጋሼን ኮል አደረግኩ። «አላልኩህም?» አሉ።

ኦክቶበር 28፣ ማክሰኞ
አገኘችው። የትራሱን ልብስ ስትቀይር።
«ምንድነው ይሄ?»
መዋሸት አልቻልኩም።
«ስሜን ሰጠህ? ለማላውቀው ሰው?»
«የክርስትና ስምሽን ነው...»
«የማሚንም?»
ሙሉእመቤት ዞራ አየችኝ።
«ግሩፑን ለምን እንደተውኩ ታውቃለህ? ለቤተሰብሽ እንዳትነግሪ ማይ አሉኝ። ለአባቴ የማልነግረውን አልምልም ብዬ ወጣሁ። ለአንተ ብዬ ዳድ!»
ክታቡን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጠችኝም።
«ሰው ሳይፈቅድ በስሙ ምንም አይሠራበትም። እኔ መጀመሪያ የተማርኩት እሱን ነው። እንዲህ ያደረገ ከግሩፕ ይባረራል።»
«ለአንቺው ብዬ...»
«ሁሉም እንደዛ ነው የሚለው።»
ቦርሳዋን ይዛ ማያ ጋ ሄደች። ሙሉእመቤት «እዚህ ቤት ጠንቋይ ካለ አንተ ነህ» አለችኝና መኝታ ቤት ገባች።

ኦክቶበር 29፣ ረቡዕ
ስልክ አታነሳም። ከነገ ወዲያ ሃሎዊን ነው። ተናዳ ወደ እነሱ ብትመለስስ? ብትምልስ? በገዛ እጄ አስረከብኳት ማለት ነው?

ኦክቶበር 31፣ ዓርብ
ባሱ ውስጥ ግማሹ ሕፃን ለሃሎዊን ጠንቋይ ሆኖ መጥቷል። ጥርሷ የወለቀ አንዷ ባርኔጣዋን እያስተካከለች «ትፈራኛለህ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። እውነቴን ነው።
ልጆቹን አውርጄ ባዶው ባስ ውስጥ ልጸልይላት አልኩ። ስሟ ላይ ስደርስ አቆምኩ። ይሄስ ፈቃድ ይፈልጋል? ለገዛ ልጄ? ሞኝነት ነው... ግን ቴክስት አደረግኩላት። «ሃሌ፣ ልጸልይልሽ? እሺ ካልሽ ብቻ።»


ኖቬምበር 2፣ እሑድ
ጠዋት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ መልሷ ገባ።
«እነሱ ጋ አልሄድኩም። መረጥኩ፣ ብቻዬን ነው የምሠራው። መጀመሪያ የነገርኩት ለአንተ ነው። ማክሰኞ እመጣለሁ። ጸልይልኝ፣ ኦኬ። ግን መልሳት አትበል። ጠብቃት በል።»
ደጋግሜ አነበብኩት። አልወደድኩትም። ብቻዋን ማለትስ ምን ማለት ነው? ማን ይቆጣጠራታል? ደግሞ ጠንቋይ ለሰው ጸሎት ታርማለች?
ጋሼ ገብረ ክርስቶስ ጠጋ ብለው «ልጅቷ እንዴት ሆነች?» አሉኝ።
«እሷን ይጠይቋት ጋሼ» ብዬ ገባሁ።
ቆምኩ። «መልሳት» አፌ ላይ መጣ። ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት። ማንም አይሰማኝም ነበር እኮ፣ ብናገረው ማን ያውቃል?
«ጠብቃት» አልኩ።