ያልቀመስኩት ዶሮ

ታኅሣሥ 28፣ ሰበታ

የነገው የገና ዶሮ እህቴ ከዱባይ በላከችልኝ፣ ቀስ ብሎ በሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ ተጥዷል። ማማሰል የለ፣ አጠገቡ መቆም የለ። ሽንኩርቱን፣ በርበሬውን፣ ቅቤውንና ዶሮውን አንድ ላይ ከትቼ ክዳኑን ገጠምኩበት። ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ጨው አንዴ ይሁን ሁለቴ እንደጨመርኩ ትዝ አልልሽ አለኝ። ጾም ነው፣ መቅመስ አልችልም። አማቴ ደግሞ ነገ በጠዋት ከተጂ ይመጣሉ። ስለ ድስቱ የነገርኳቸው ቀን፣ «ሳትቆሚለት ደግሞ ምን ዶሮ ይሆናል?» ነው ያሉኝ።

ሲጨንቀኝ ጎረቤቴን ጫልቱን ጠራኋት። ጴንጤ ስለሆነች የእኛን ጾም አትጾምም። በማንኪያ ቀመሰች። ፊቷን ትክ ብዬ አየሁ።

«ጨውስ?» አልኳት።

«ባዬ ሚኣዋ! በጣም ይጣፍጣል» አለችኝ።

ጫልቱ ሰው ማስቀየም አትችልም። ያኔ ያረረውን ድፎዬንም አመስግና ነው የበላችው። እውነቱን ንገሪኝ ብዬ ለመንኳት፣ መልሷ ያው ነው። ከዚያ ሁለት ብርጭቆ ውሃ በላይ በላዩ ጠጥታ፣ «መልካም በዓል» ብላኝ ሄደች።