ሲሞቅ የሚጮኸው ዲስክ

ውድ ልጄ፣

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልክሽን ያላነሳሁት ታምሜ አይደለም። ጎረቤቴን ልከሽ በር አስንኳኳሽ፤ «ደህና ናቸው፣ ኩርፊያ ነው» ብላ እንደነገረችሽም ሰምቻለሁ። እውነቷን ነው፣ አኩርፌ ነው። በስልክ ከጀመርኩሽ ደግሞ የማልመልሰው ቃል እንዳያመልጠኝ ፈራሁ። ስናደድ አፌ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ። ስለዚህ ብዕር አነሳሁ። ደብዳቤ ደግሞ መሃል ላይ አያቋርጡትም።

ዲስኩን የገዛሽልኝ አንቺ ነሽ። «አባዬ፣ ኮምፒውተሩ አርጅቷል፤ አንድ ቀን መጽሐፍህን ይዞብህ ይሄዳል» ብለሽ፣ ጋራዡን ከዘጋሁ ወዲህ በሁለት ጣት እየለቀምኩ የጻፍኩትን የሕይወቴን ታሪክ፣ አሥራ አንድ ምዕራፍ፣ በራስሽ እጅ ወደ አዲሱ ሃርድ ዲስክ አዛወርሽልኝ። መረቅሁሽ። አንቺም ወደ ሥራሽ ተመለስሽ።

ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው መጮህ ጀመረ። ስከፍተው ዝም ይላል። አንድ ሰዓት ያህል ሠርቼ ሲሞቅ፣ ቀጭ ይላል፤ እንደገና ቀጭ፤ ከዚያ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው ሲር ብሎ ይንገጫገጫል። ደወልኩልሽ።

«ምን ዓይነት ድምፅ ነው?» አልሽ። አስመሰልኩልሽ። ሳቅሽ።

«አባዬ፣ እሱ ከዲስኩ አይደለም የሚመጣው። በዕድሜ ምክንያት ጆሮ ውስጥ የሚጮህ ነገር አለ። እኛ ሆስፒታል በየቀኑ ነው የማየው።»

እኔን! ሰፈሩ በሙሉ ጋሽ ጆሮ እያለ የሚጠራኝን! መኪና ገና መታጠፊያው ጋ እያለ የቱ ጋ እንደታመመ የምናገረውን ሰው! «እሺ ይሁን፣ ለማንኛውም ወደ ፍላሽ እንዴት እንደሚገለበጥ ንገሪኝ» አልኩሽ። «ስመጣ አሳይሃለሁ፤ ምን አስቸኮለህ» ብለሽ ዘጋሽው። ነርስ ነሽና፣ የተማርሽ ነሽና ተውኩት። ይባስ ብሎ ግማሽ ልቤ አመነሽ። ሄጄ ጆሮዬን አስመረመርኩ። ሐኪሙ «በእርስዎ ዕድሜ እንዲህ ያለ ጆሮ አይቼ አላውቅም» ብሎ አሰናበተኝ። ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤልሻለሁ፤ ማኅተሙንም ልብ ብለሽ እዪው።

ከሐኪሙ በቀጥታ ዲስኩንና ደረሰኙን ይዤ ከፖስታ ቤቱ አጠገብ ወዳለው ሱቅ ሄድኩ። መነጽር ያደረገው ሻጭ ሰካው። ምንም የለም። እንደ ተቀጣ ሕፃን ጭጭ አለ።

«ጤነኛ ነው፣ አባባ።»

«አባባ አትበለኝ። ሲሞቅ ነው የሚጮኸው።»

«ሁሉም ዲስክ ትንሽ ድምፅ አለው። ውስጡ የሚሽከረከር ነገር አለ።»

«የሚሽከረከር ነገር ድምፅ እንዳለው ለእኔ ነው የምትነግረኝ?»

ከኋላዬ ወረፋ የያዙት ሰዎች ሳቁ። ሻጩ ካርቶኑን በአንድ ጣቱ ወደ እኔ ገፋና፣ «እንግዲህ ከረበሸዎት ራዲዮዎን ከፍ ያድርጉት» አለኝ። የቀለደ መስሎታል። ካርቶኑን አንስቼ ወጣሁ። እኔ በነገር ተሸንፌ ስወጣ አይተሽ ታውቂያለሽ?

የወጣሁት ያቺን ቃል ስለማውቃት ነው። የራሴ ቃል ናት። አሁን የምነግርሽን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማረችሽን መምህርት ታስታውሻታለሽ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ትንሿን መኪናዋን ይዛ ሦስት ጊዜ ጋራዥ መጣች። «ረጅም መንገድ ስነዳት ከቀኝ ፊት ጎማ በኩል ታጉረመርማለች» ትለኛለች። እኔ መኪናዋ ገና ሳትሞቅ አንዴ ዞር ዞር አድርጌ አመጣታለሁ፤ ድምፅ የለም። በሦስተኛው ጊዜ ሠራተኞቹ ፊት «ራዲዮውን ከፍ አድርጊው፣ ይጠፋልሻል» አልኳት። ሁሉም ሳቀ። እሷም አብራን ሳቀች፤ ፊቷ ግን ቀላ። በሳምንቱ ቁልቁለት ላይ ጎማው ተቆልፎ ከነልጆቿ ቦይ ውስጥ ገባች። ልጆቿ ተረፉ፤ የእሷ ዳሌ ተሰበረ።

መኪናዋን ጎትተው ወደ እኔው አመጡልኝ። ጎማውን ስፈታው የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ተቃጥሎ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ትራፊክ ፖሊሱ ሲጠይቀኝ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? «ጎማው ደህና ነው» አልኩ። በጥንቃቄ ጉድለት ብለው በእሷ ላይ ጻፉ። እኔ መኪናዋን በነፃ ሠራሁላት፤ አገር ምድሩ አመሰገነኝ። አንቺም ለጓደኞችሽ «አባቴ ደግ ነው» እያልሽ አወራሽ፤ እኔም ዝም ብዬ ሰማሁሽ።

በማግስቱ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። አልጮህኩም። «ሰክተህ ተወው፣ ወንበር ስጠኝ፣ እጠብቃለሁ» አልኩት። ሥራ አለብን ምናምን ሲል የሱቁ ባለቤት ከውስጥ «ስጣቸው!» አለችው። ደንበኛ በገባ በወጣ ቁጥር እግሬን እየሰበሰብኩ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጎለትኩ። ሻጩ በየመሃሉ ከመነጽሩ በላይ ያየኛል። ልተወው ስል፣ ቀጭ።

ሻጩ ቀና አለ። ቀጭ። ከዚያ ሲሩ መጣ። የስልክ ቻርጀር ልትገዛ የመጣች ሴት «ውይ፣ ምንድን ነው እሱ?» አለች። ልስማት ቃጣኝ።

ደስታዬ ግን አምስት ደቂቃ አልቆየም። ዲስኩ አንዴ ግጭ ብሎ ዝም አለ። ሻጩ እንደገና ሰካው፤ ነቅሎ ሰካው፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞከረው። ኮምፒውተሩ አላውቀውም አለ። የሱቁ ባለቤት ወጥታ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ አዲስ እንለውጥልዎታለን አለችኝ።

«ውስጡ ያለውስ?»

«እሱን እንኳ ማውጣት አይቻልም፣ ጋሼ። ሌላ ግልባጭ የለዎትም?»

የለኝም ልጄ። ግልባጭ እንዲኖረኝ ጠይቄ ነበር፤ ምን አስቸኮለህ ተባልኩ። አሥራ አንዱ ምዕራፍ የተበላሹ ዕቃዎች በሚጣሉበት ሳጥን ውስጥ ገባ፤ እኔ በዓይኔ እያየሁ። ሻጩ የመለወጫውን ወረቀት ሲያስፈርመኝ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «ይቅርታ ጋሼ፣ ድምፁ ነበረ» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ያቺ አጭር ቃል ከአዲሱ ዲስክ ይልቅ አንጀቴን አራሰችኝ። ቤቴ ልገባ ነበር፤ እግሬ ግን በሌላ በኩል ወሰደኝ።

መምህሯ ራሷ ከፈተችልኝ። እያነከሰች ነው የመጣችው። «ጋሽ ጆሮ! ምን እግር ጣለዎት?» አለች። ያኔ አንቺ ያልኳትን ሴት ዛሬ እርስዎ አልኳት።

«ያኔ ድምፁ ነበረ» አልኳት፣ እንደቆምኩ። «ኩሽኔታው ተቃጥሎ ነው ያገኘሁት። ለፖሊሱ ዋሽቻለሁ። ጥፋቱ የእርስዎ አልነበረም፤ የእኔ ነው።»

የበሩን መቃን ያዘች። «ዘጠኝ ዓመት መሪ አልጨበጥኩም» አለች ቀስ ብላ። «እጄ ነው ብዬ። ልጆቼን ልገድል ነበር ብዬ።»

ይቅር ትለኝ ይሆን፣ ትሰድበኝ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። ሁለቱንም አላደረገችም። ወደ ውስጥ ዞራ ባሏን ጠራች። በነጠላ ጫማ እየተጎተተ መጣ።

«ለእሱም ድገምለት» አለችኝ። እርስዎ መሆኔ ቀርቶ ነበር።

ደገምኩለት። ሰውየው እኔን አላየም፤ እሷን ነው ያየው። እንዲህ ዓይነት ሃፍረት በባል ፊት ላይ አይቼ አላውቅም፤ እሱም ዘጠኝ ዓመት ሲወቅሳት እንደኖረ ገባኝ። ግባ አላሉኝም። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። አልፈረድኩባቸውም።

ልጄ፣ ቁጣዬ አልበረደም። አሥራ አንድ ምዕራፍ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዕድሜዬም እንደ ድሮው አይደለም። ግን እኔም ምን ዓይነት አባት እንደሆንኩ አሁን ነገርኩሽ። ማባበያ አልፈልግም፤ ሌላ ዕቃ ገዝተሽ እንዳትልኪ። የሱቁ ሰው ያላትን ያችን አጭር ቃል ከአንቺም አፍ ብሰማት ይበቃኛል።

ሥራዬን እንደገና ጀምሬያለሁ። ድሮ ልጽፈው እየፈራሁ ስዘለው ከኖርኩት ከጎማው ምዕራፍ ነው የተነሳሁት። የመምህሯን ነገር እንዳለ አስገብቼዋለሁ፤ የእሷን ስም ትቼ የራሴን ጽፌ። ሦስት ገጽ ደርሷል። ስትመጪ ታነቢዋለሽ፤ ከማንበብሽ በፊት ግን እንዴት እንደሚገለበጥ አሳዪኝ።

ኩርፊያው ገና ያልለቀቀው፣
አባትሽ