ለኅዳር ማኅበር የዘራሁት ጎመን

የተወደድሽ የሺዬ፣

ከተለየሽን ወዲህ ሁለተኛው መስከረም ጠብቶ አልፎ፣ ኅዳር እየተገባደደ ነው። ስለ ሐዘኔ ብዙ እንደማልጽፍ ታውቂያለሽ፤ በአንደበቴ ያልቻልኩትን በብዕርም አልደፍረውም። ስለ ጓሮው ግን ልነግርሽ የሚገባ ነገር አለኝ።

ቤቱን አልለቀቅኩም። ማርታ ሎንግ ቢች ከተማ እሷ ዘንድ እንድገባ ትወተውተኛለች፤ ሆስፒታል ተረኛ በሆነች ቁጥር ስለ እኔ እያሰበች ሥራዋን በቅጡ መሥራት እንዳልቻለች ትናገራለች። ልጃችን እውነቷን ነው። እኔ ግን በቅድሚያ አንድ ጉዳይ መለየት ነበረብኝ፤ በእመቤታችን ማኅበር ያለሽ ቦታ ከአንቺ ጋር አብሮ ማለፍ አለማለፉን።

ማኅበርተኞቹ በደግነት ጀምረውት ነበር። እትዬ አስካለ ወደ ቤት መጥተው፣ እኔ መዋጮዬን ብቻ ብሰጥ ድግሱን ሌላ ሰው ሊያወጣልኝ እንደሚችል፣ ብቻውን የሚኖር ወንድ ላይ ተራ መጣል ለእሳቸውም እንደሚከብዳቸው አስረዱኝ። አሳባቸውን በጥሞና ሰማሁ። ሆኖም ድግስ የማያወጣ ቤት ቀስ በቀስ እንግዳ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ስምሽ በመዋጮ ብቻ ተንጠልጥሎ እንዲቀር አልፈለግኩም። ኅዳርን ስጡኝ አልኳቸው። ጥቂት አመንትተው ሰጡኝ።

ኅዳርን የመረጥኩት አስቤበት ነው። ኅዳር ጽዮን በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል ገበታው የጾም ይሆናል፤ ጎመኑም ከራሳችን መደብ ሊወጣ ይችላል። ዶሮ ወጥ መሥራት አልችልም፤ ጎመን ማብቀል ግን እንደ ምሕንድስናዬ በሥርዓት የሚሠራ ነገር ነው። በጋራዡ ግድግዳ ሥር ያለውን መደብሽን አፈረስኩ፣ ፍግ ቀላቀልኩበት፣ የጎረቤቱ አቮካዶ ጥላ ከሰዓት በኋላ የት ድረስ እንደሚደርስ ለካሁ። ጤና አዳሙን አልነካሁትም። በሶብላውም ራሱን በራሱ ዘርቶ ስለነበር ባለበት ተውኩት። ከዚያ ከኅዳር ሃያ አንድ ወደ ኋላ ቆጥሬ ዘሩን በነሐሴ መጨረሻ ጣልኩ።

አንቺ ዘሩን እፍኝ እየሞላሽ ትበትኚው ነበር፤ ሲበዛ እየነቀልን እንበላዋለን ትዪ ነበር። እኔ በገመድ ለክቼ፣ በእያንዳንዱ መካከል በቂ ርቀት ትቼ ተከልኩ። በዚህ ጉዳይ ስንከራከር የኖርን ነን፤ አሁንም ርቀቱ ትክክል ነበር እላለሁ። ቡቃያዎቹ በመስከረሙ ሙቀት ጠውልገው፣ በጥቅምት ከበረሃው በሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ ቅጠላቸው ጠርዝ ጠርዙን ቢቃጠልም አንዱም አልሞተም።

የሳትኩት ሌላውን ነው። በጥቅምቱ ማኅበር ጽዋውን ሲያስረክቡኝ፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባለው እሑድ እንገናኝ ተባለ። ከዚያ በኋላ ያለው እሑድ የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ የታንክስጊቪንግ ሰሞን ስለሆነ ግማሹ ከከተማ ይወጣል፣ ታክሲ የሚነዱትም ኤርፖርት ሲመላለሱ ይውላሉ። እዚህ አገር ማኅበር በቀኑ እንደማይውል ስንት ዓመት ያየሁት ነገር ነው። ነገር ግን የትኛው እሑድ እንደሆነ የምትነግሪኝ አንቺ ነበርሽ፤ እኔ መኪናውን አስነሥቼ እጠብቅሽ ነበር። በስሌቴ ውስጥ አንቺ የያዝሽው ክፍል እንደጎደለ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ጎመኑ ሳይደርስ፣ ገበታውም ከጾም ወደ ፍስክ ተለውጦ ቀኑ ቀረበ። ማርታ በስልክ፣ “አባዬ፣ ሶ ምን ችግር አለው? ፌርፋክስ ካለው የሐበሻ ሬስቶራንት ኦርደር እናደርጋለን” አለችኝ። አደረግንም። ዶሮውም ክትፎውም እንጀራውም ታዘዘ። በገዛ ቤቴ ከጋባዥ ይልቅ ተጋባዥ መሰልኩ። በዕለቱ ማለዳ ተነሥቼ ከየእግሩ የተገኘውን ቅጠል ሁሉ፣ ለጋውን ሳይቀር፣ ቀንጥሼ አስገባሁ። በሽንኩርትና በቃሪያ ሠራሁት። ድስት ሞልቶ የገባው ጎመን በስሎ ሲወጣ ከአንዲት ጎድጓዳ ሳህን አላለፈም፤ ይህንንም አላሰላሁትም ነበር።

ጸሎቱ ደርሶ ገበታው ሲቀርብ ሳህኗን ከዳር አስቀመጥኳት። ታክሲ ነጂው ጋሼ ታደሰ አጎንብሶ አያትና፣ “መሐንዲሱ፣ ይኼ በጠብታ ነው እንዴ የሚታደለው?” አለኝ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ፤ ሳህኗን ወደ ኩሽና ልመልሳት እጄን ስዘረጋ ግን እትዬ አስካለ ቀደሙኝ። ተነሡና ከጋሼ ታደሰ ጀምረው ከዚያች ሳህን ለእያንዳንዱ ሰው ጉርሻ ይሰጡ ጀመር።

“ከየሺ መደብ ነው፤ ማንም እንዳያልፈው” አሉ።

ክትፎው እንደተቀመጠ ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ተራውን ጠበቀ። የመጨረሻውን ለእኔ አጎረሱኝ። ጨው አንሶታል።

ሊበተኑ ሲሉ ጽዋውን ለታኅሣሥ ተረኛ አስረከብኩ። ያን ጊዜ እትዬ አስካለ ማንኛውንም ማኅበርተኛ እንደሚጠይቁት፣ ድምፃቸውን ሳያለሳልሱ፣ “ለከርሞስ የትኛውን ወር ይይዛሉ?” ብለው ጠየቁኝ። ማርታ በሩ አጠገብ ካፖርቷን ይዛ ቆማ ትሰማለች። መጋቢትን እይዛለሁ አልኩ፤ ዐቢይ ጾም ስለሆነ እሑዱ ቢቀየርም ገበታው የጎመን ነው። ማርታ ቀና ብላ አየችኝ፤ ካፖርቷን መልሳ ሰቀለችና ሳህን ማጠብ ጀመረች። ከዚያን ቀን ወዲህ የሎንግ ቢቹን ነገር አላነሣችብኝም።

የሺዬ፣ ቃል ስገባ የምጠነቀቅ ሰው መሆኔን ታውቂያለሽ፤ ይህን ግን አመዛዝኜ እጽፈዋለሁ። እግሬ እስከቆመ ድረስ ይህ ቤት ተራውን አይዘልም። ጽዋው እዚህ በገባ ቁጥርም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው ስም ያንቺ ይሆናል፤ የምጠራውም እኔ ነኝ።

ባለቤትሽ መኮንን