እናታችን ያልገለበጡት ቀሚስ

እናታችን በ1948 ዓ.ም. ከአናጢ አባታቸውና በልብስ አጣቢነት ከሚተዳደሩ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው የገንዳውን ውሃ አይተው የትኛው ልብስ ቀለሙን እንደሚለቅ፣ የትኛው እንደሚሸበሸብ ለይተው ይናገሩ ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተከታትለው በ1965 ዓ.ም. ከስፌት ማሠልጠኛ ተመረቁ። በቀጣዩ ዓመት በልብስ ስፌት ፋብሪካ በክር ቆራጭነት ተቀጠሩ፤ በ1970 ዓ.ም. የጥራት ተቆጣጣሪ ሆኑ። በፋብሪካም ሆነ በገበያ የልብስን ፊት አስቀድመው አይመለከቱም ነበር። መጀመሪያ ይገለብጡታል። ስፌቱን በሁለት አውራ ጣታቸው ወደ መስኮት ይዘው ይስባሉ፤ በስፌቱ መሃል ብርሃን ከታየ ይመልሱታል። መሸብሸቡን ለማየት ጨርቁን በጡጫቸው ጨብጠው ይለቁታል፤ የኪሱ መስመር ከገላው መስመር ጋር መግጠሙን ያያሉ። ሲገዙ ዋጋ የሚጠይቁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዋጋውና ልብሱ ካልተገናኙ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «ኧረ በሕግ አምላክ!» ይላሉ። ዕድሜ ልካቸውን በዚህ ነገር መደንገጥ አልሰለቻቸውም። ጎረቤቱም የሥራ ባልደረባውም የሚያውቃቸው «እትዬ ገልብጪው» በሚለው ስም ነው።

በ1972 ዓ.ም. የዚያው ፋብሪካ ልብስ ሰፊ ከነበሩት ከአባታችን ጋር ጋብቻ መሥርተው አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። አባታችን «እኔንም ገልብጣ ሳታይ አልወሰደችኝም» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ፋብሪካው በ1992 ዓ.ም. ሲዘጋ በአንድ ልብስ መደብር ዕቃ ተረካቢ ሆነው ገቡ። አንድ ቀን ኮት ለሚለካ ደንበኛ፣ ባለመደብሩ እየሰሙ፣ «ጨርቁ ደህና ነው ልጄ፤ ዋጋው ግን የሌላ ኮት ነው» አሉት። ባለመደብሩ ክው ብለው፣ «እትዬ፣ ደሞዝ የምከፍልዎት እኮ እኔ ነኝ!» ቢሏቸው፣ «ብርድ የሚመታው ግን እሱን ነው» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። እስከ ጡረታቸው ድረስ ከዚያው መደብር አልወጡም።

የታወቀ ሕመም አልነበረባቸውም። ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት በሰላም ተነሥተው፣ ቁርሳቸውን በልተው፣ የልጅ ልጃቸውን አዲስ ሹራብ መስኮቱ ላይ ዘርግተው ሲመረምሩ ድንገት ወደቁ። ሐኪሙ ልባቸው መቆሙን ሲነግረን ድርቅ ብለን ቀረን። ከቤት ስንወጣ ያናገሩን ሰው፣ ስንመለስ አልነበሩም።

በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ታላቅ ወንድማችን ለመጨረሻ ልብሳቸው ከመሃል ከተማ እጅግ ውድ የሆነ ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ቀሚስ ገዝቶ መጣ። ከመካከላችን የገለበጠው አልነበረም። ሁላችንም ዋጋውን ሰምተን ጥሩ ነው ብለን ተቀበልነው። የእናታችን ታናሽ እህት የሆኑት አክስታችን ሊተኩሱት ሲገለብጡት ጮኹ። ገበሩ በማጣበቂያ ተለጥፏል፤ የስፌቱ ጠርዝ አልተዘመዘመም፤ የወገቡ ስፌት ገና ሳይለበስ አፉን ከፍቷል።

«ዋጋውን አይቼ እኮ ነው ጥሩ ነው ያልኩት!» አለ ወንድማችን፣ ራሱን ይዞ።

«የእሷ ልጅ ሆነህ?» አሉት አክስታችን። «በዚህ ልብስ ከቤቷ አትወጣም። አላደርገውም!»

ወንድማችን ለሻጩ ደወለ። ሻጩ «ለቀብር ከሆነ ማን ያየዋል ብለህ ነው?» አለው። ወንድማችን ስልኩን ዘጋው። ቀብሩ በማግሥቱ ነበር፤ ሱቆቹም እየተዘጉ ነበር።

ጥግ ላይ ተቀምጠው የነበሩት አባታችን ተነሥተው ቀሚሱን ከአክስታችን እጅ ወሰዱ። ጨርቁን በጣታቸው አሽተው፣ «ሱፉስ ሱፍ ነው። የተበላሸው ሥራው ነው» አሉ። ገበሩን ቀድደው አወጡት። ዓይናቸው ስለደከመ አክስታችን ክሩን በመርፌው እየሰኩላቸው፣ ጠርዙን በሙሉ በእጃቸው ዘመዘሙት፤ ወገቡን ፈትተው እንደገና ሰፉት፤ ቅምቅማቱንም አደሱት።

ሲጨርሱ እንደ ልማዳቸው ቀሚሱን ገልብጠው፣ መስኮቱ አጠገብ እናታችን ተቀምጠው ስፌታቸውን ይመረምሩላቸው ወደነበረው ባዶ ወንበር ዘረጉት። ጠበቁ። «እዚህ ጋ ፍታው» የሚል ድምፅ አልመጣም። ከዚያች ቅጽበት በፊት መሞታቸውን ሰምተን ነበር እንጂ አላመንንም ነበር።

ዛሬ እናታችን ያንን ቀሚስ ለብሰዋል። በሕይወት ትተዋቸው የሄዱት ባለቤታቸው፣ እህታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። እስከ አሁን ደንግጠን ቆመናል፤ አብራችሁን ስለቆማችሁ እናመሰግናችኋለን። ፈጣሪ የእናታችንን ነፍስ በምሕረቱ ተቀብሎ የማይታወክ ዕረፍት ይስጣት፤ አባታችንንም ያጽናልን።